ዘንዶው በላ?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚጮህ ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አያውቅም። ባለቤቴ ነጠላዋን በጨለማ ዳብሳ እስክታገኝ ድረስ በልቧ ሦስት ዘመድ ቀብራ ጨርሳለች። እኔም መነጽሬን ሳላደርግ አነሣሁት። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ። እዚያ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እግሩን ሰቅሎ ጨዋታ የሚያምረው ሰዓት።

«ጋሼ፣ አልበላም አለኝ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ማን?»

«ዘንዶው።»

ባለቤቴ ከጎኔ «ማን ነው? ንገረኝ፤ አልጮህም» ትላለች። «ማንም አልሞተም። አሜሪካ ያለ ዘንዶ እራቱን አልበላም ብሎ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «ሰው ሞቶ ቢሆን እኮ ቢያንስ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል» ብላ ተመልሳ ተኛች። ይኸው አምስት ወር ሊሞላው ነው፤ ዘንዶው አልበላም፣ እኔም በቅጡ አልተኛሁም።

ልጁ እኔ ዘንድ የደወለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 31 ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ከጊንጪ እስከ ጌዶ፣ ከጀልዱ እስከ ጥቁር እንጭኒ በበቅሎም በእግርም ብዙ ዞሬያለሁ። በሬ ሆዱ ሲነፋ፣ ላም የእንግዴ ልጅ አልወርድ ሲላት፣ ፈረስ ሲያነክስ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። እባብን በተመለከተ ግን በሥራ ዘመኔ ያዘዝኩት መድኃኒት አንድ ነው፦ ዱላ። መጠኑ እንደ ታካሚው ርዝመት ይለያያል፤ በትክክል ከተሰጠ መድገም አያስፈልግም።

የእኛ ሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይበላል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ያመነዥካል ወይ?» ነው። ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈለገኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ገበሬው «ከትናንት ጀምሮ ሣሩን አሽትቶ ይተዋል» ካለህ፣ ወሬ አቁመህ ቦርሳህን ትከፍታለህ። የከብት ደስታ ሲገባም በዚሁ ይጀምር ነበር፤ ትኩሳት፣ ከዚያ መኖ መተው። ወጣት አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ደስታ የበሽታ ስም ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ፣ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የሀገሩን ከብት የጨረሰው እሱ ነው። በብዙ ክትባትና በብዙ ልፋት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም ከደስታ ነፃ መውጣቷ በይፋ ታወጀ። እኔም በበኩሌ ስንት መርፌ ወግቻለሁ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ «የኛ አባት ደስታን ያጠፋ ሰው ነው» ብለው ለጓደኞቻቸው ሲያወሩ ሰምቼ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ባለቤቴ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ትጠቀምበታለች፣ በሌላ ትርጉም።

ወደ ታካሚው ልመለስ። ዘሩ ቦል ፓይተን ይባላል። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ሸሽጎ እንደ ጨርቅ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ የራሱ ቤተ መቅደስ ሁሉ አለው፤ እዚያ የተከበረ ነው። ሚኒያፖሊስ ያለው ግን የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ሳጥኑ በአንድ በኩል እስከ 32 ዲግሪ ይሞቃል፣ በሌላው በኩል ቀዝቀዝ ይላል፤ ማሞቂያ አለው፣ ሙቀት መለኪያ አለው፣ ከሰው ዓይን የሚሰወርባቸው ሁለት ጎጆዎች አሉት። ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ልጁ ራሱ ካፖርት ደርቦ ነው ቤት ውስጥ የሚቀመጠው፤ መብራት ይቆጥባል።

ምግቡ አይጥ ነው። በነፃ እንዳይመስላችሁ። ሞቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ በገንዘብ የሚገዛ አይጥ ነው። እኔ ጎተራ ውስጥ ጤፌን የሚበላው፣ በሕይወት ያለውና በየወሩ የሚወልደው፣ ገዢ አጥቶ ተቀምጧል። ልጁ አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በቪዲዮ አሳየኝ። ከላይ እናቱ የላከችለት በርበሬ፣ መሐል ላይ እንጀራ፣ ከእንጀራው ሥር አይጦቹ በተርታ። ለእህቴ ይህን አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላት ሰው ካለ እባክህ ይህችን አንቀጽ ዝለልልኝ።

አመጋገቡ ደግሞ ሥርዓት አለው። አይጡን ያሟሟል። በሙቅ ውሃ ነክሮ በሕይወት ያለ እስኪመስል ድረስ ያሞቀዋል። ከዚያ በረጅም ወረንጦ ይዞ ዘንዶው አፍ ሥር ወዝወዝ፣ ወዝወዝ ያደርግለታል። እስቲ ፍረዱ፤ ይህ ጉርሻ አይደለም? ዘንዶው ግን ምላሱን አንዴ አውጥቶ ያስገባና ፊቱን ያዞራል። እኛ አገር ጉርሻ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞረ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ቂም ይዟል፣ ወይ ሌላ ቤት በልቶ መጥቷል። ይኼኛው ሌላ ቤት እንዳይበላ ክዳኑ ይቆለፋል።

ጠዋት ቡና ላይ ጉዳዩን ለጎረቤት አቀረብኩት። አንዷ ወዲያው «አምቦ ውሃ ስጡት» አለች። አስባ የተናገረችው አይደለም። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሆድ ሲጠየቅ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነው፤ ከሰንቀሌ ምንጭ ጋዙን ይዞ እየፈላ ለሚወጣ ውሃ ጎረቤት ሆነህ ሌላ ምን ታዝዛለህ? አንድ ሽማግሌ «ኮሶ ነው» አሉ። «አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡ ነበር። ሆዱ ውስጥ ትል የገባበት ፍጡር አይበላም።» ሌላዋ ቡዳ ነው አለች፤ በመስታወት አስቀምጦ ላለፈ ላገደመው እያሳየ ምን ጠበቀ? አራተኛው ደግሞ ብርድ ነው የመታው፣ ፍል ውሃ አምጥታችሁ ንከሩት አሉ፤ ከተማችን በፊት ሀገረ ሕይወት መባሏ በከንቱ ነው እንዴ? በጎረቤት ያሉ አንድ ቄስ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ቆዩና «ለእባብ የተፈረደለት አፈር ነው። አይጥ ማን ፈቀደለት?» አሉ።

«ምናልባት ጾም ይዞ ይሆናላ» ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ።

«ሁዳዴ እንኳ 55 ቀን ነው» አሉኝ ሳይስቁ።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ስልኬ ላይ ወዳለው ፎቶ ጠጋ ብላ «ቦፋ! ኛዹ! ኛዹ!» አለችው። እባብ ሆይ ብላ፣ ብላ ማለቷ ነው። አልሰማትም። ኦሮምኛ ባይገባው አይፈረድበትም፤ ያደገው በእንግሊዝኛ ነው።

ቡናው ገና ሁለተኛው ስለሆነ እስቲ ስለ አርዌ ትንሽ ላውራ። ከንግሥተ ሳባ በፊት አገሩን ይገዛ የነበረው ዘንዶ ነው ይላል አፈ ታሪኩ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ግድግዳ ላይ በሸራና በቆዳ ተሥሎ፣ ብዙ ጊዜ 44 ቦታ ተከፋፍሎ የምታዩት ሥዕል የሚጀምረው ከሱ ነው። ግብሩ ከባድ ነበር፤ ከብት፣ ፍየል፣ ወተት፣ በመጨረሻም ልጃገረድ። የግብሩን ዝርዝር ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ አርዌ አላሰኘኝም ያለው ነገር የለም። በኋላ አጋቦስ የሚባል ሰው መጣና መርዝ ያለባት ፍየል አቀረበለት። በላ፣ ሞተ። አጋቦስ ነገሠ፤ የንግሥቲቱ አባት እሱ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ሙያዬ አላስችል ይለኛል። ፍየሏ እንዴት ቆማ ሄደች? አገር የሚያህል ዘንዶ የሚጥል መርዝ 25 ኪሎ የማትሞላ ፍየል ሆድ ውስጥ ሆኖ እስከ ዋሻው በር ድረስ ታገሣት? መርዙስ ምን ነበር? ብርብራ ነው እንዳልል፣ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጣል የሚያሰክረው ዓሣን ነው፤ ዘንዶ ደግሞ የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። እንዶድ ነው እንዳልል፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ሞተው ያገኟቸው ቀንድ አውጣዎችን ነው፤ ከቀንድ አውጣ እስከ አርዌ ሰፊ ርቀት አለ። የቁልቋል ወተት ይሆን? እሱ የሰው ዓይን ያጠፋል፤ ግን ፍየሏን ማን አስይዞ አጠጣት? በዚህ ላይ የታካሚውን ክብደት ሳታውቅ መጠን አታዝም። ሥዕሉ ላይ አርዌ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፤ ከሥዕል ኪሎ አይወጣም። አንድ ሌሊት ተነሥቼ ደብተር አውጥቼ ሒሳቡን ልሠራ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ፍየሎቹ ሰባት መሆን አለባቸው የሚል ውጤት ወጣልኝ፤ በሁለተኛው ስሠራው አጋቦስ ራሱ ሞተ። ባለቤቴ መብራቱን አይታ «ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ንግሥተ ሳባን ለማትረፍ እየሞከርኩ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት?

አንድ ነገር ግን አልጠራጠርም። አርዌ ያን ዕለት ምላሱን አንዴ አውጥቶ አስገብቶ ፊቱን ቢያዞር ኖሮ፣ አጋቦስ ፍየሏን እየጎተተ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። ሴት ልጁም የአንድ ያልቀናው ፍየል ነጋዴ ልጅ ሆና ትቀር ነበር፤ ኢየሩሳሌም ድረስ የሚያስኬድ ስንቅ ከየት ታመጣለች?

ሐረር ደግሞ በአሹራ ዕለት ለጅብ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለታል። ጨርሶ ካልቀመሰው ዓመቱ ክፉ ነው፤ ጠራርጎ ከጨረሰውም ክፉ ነው፤ ከግማሹ በላይ በልቶ የቀረውን ሲተው ነው ደግ የሚሆነው። እኛ አገር የአውሬ የምግብ ፍላጎት የግል ጉዳዩ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው።

ልጁ ግን ይህን ሁሉ ምክር በትዕግሥት ሰምቶ ካበቃ በኋላ «ጋሼ፣ የሚያውቁት ሰዎች ተወው ነው የሚሉት» አለኝ።

ተወው! ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍንለት። አትንካው። አትመልከተው። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመህ አቅርብለት፤ እምቢ ካለህ አንሣው። ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ወራት ቢጾም ምንም አይደለም። አንብቤ አየሁት፤ እውነትም እንደዚያ ነው። እባብ እንደ በሬ ሰውነቱን በገዛ ምግቡ አያሞቅም፤ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚበደረው፤ ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የበርማ ዘንዶ በበላ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ እንደሚያድግ አሳይቷል፤ ምግቡ ከተፈጨ በኋላ ተመልሶ ይቀንሳል፤ አንጀቱም እንዲሁ። ስለዚህ ዘንዶ ሳይበላ ሲቀር የሚያደርገው ወጥ ቤቱን መዝጋት፣ እሳቱን ማዳፈን፣ ሠራተኞቹን ማሰናበት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም እንደገና ይጠራቸዋል። በ31 ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ኑሮ የሚያውቅ ከብት አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝ ኖሮ በመኖ እጥረት ጊዜ ስንት ገበሬ ባገላገለ።

ዘንዶው ደብተር አለው። ልጁ ነው የሚይዝለት። እያንዳንዱ የቀረበ አይጥ ከነቀኑ፣ ከነግራሙ ተጽፏል፤ ከጎኑ «አልበላም»። ቀጥሎ የዘንዶው ክብደት። ቀጥሎ ሌላ ቀን፣ ሌላ አይጥ፣ «አልበላም»። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም፤ የሠለጠነ ክሊኒክ መዝገብ ይመስላል። «ምንም አይደለም፣ ሲያሰኘው ይበላል» አለኝ፣ በሹክሹክታ። ዘንዶው እንዳይረበሽ ነው ሹክሹክታው።

ይህን ጊዜ ነው አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ የቆመው።

ይኼ ልጅ ባለፈው ዓመት ለገና መጥቶ ነበር፣ ከስንት ዓመት በኋላ። እህቴ ጊንጪ ላይ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምራ ስታማስል አደረች። ዶሮውን 12 ብልት አወጣች፤ አንድም ላባ፣ አንድም ጠረን እንዳይቀርበት ስንቴ እንዳጠበችው እግዜር ይቁጠረው። ፈረሰኛውን ለሱ፣ እንቁላል ለሱ ሁለት። ልጁ አንድ ጉርሻ ጎረሰና «ጠግቤያለሁ እማዬ» አለ። በሞቴ አለችው። አፈር ስሆን አለችው። «ኛዹ፣ ኢልማ ኮ» ብላ በኦሮምኛም ለመነችው። ሁለተኛውን ጉርሻ ስታቀርብለት ፊቱን አዞረና ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። እጇ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በአይበሉባዋ ሲወርድ አይቻለሁ። ያን ወጥ ሦስት ቀን እያሞቀች አስቀመጠችው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም፤ በአራተኛው ቀን ለውሻ ሰጠችው። እሷ በዚያ ሰሞን ምን ያህል ኪሎ እንደቀነሰች የጻፈ ደብተር የለም። ለዘንዶ አምስት ወር የሚታገሥ ሰው፣ በረዶ አይጥ በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅ ሰው፣ ለእናቱ እጅ አምስት ደቂቃ አጣ! ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። ነገርኩት እንኳ አይባልም፣ ጮህኩበት። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ በድንጋጤ ነጠላዋን ፈለገች።

ልጁ ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ «ጋሼ፣ ያኔ እኮ ሁላችሁም አፌን ነበር የምታዩት» አለኝ።

መልስ አጣሁ። መልስ ሳጣ እንደማደርገው የአየሩን ሁኔታ ጠየቅኩት። በረዶ ነው አለኝ።

ዘግቼ ካበቃሁ በኋላ ግን ያ የገና ገበታ ትዝ አለኝ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ 14 ሰው ነበርን። ማንም አይበላም ነበር፤ እሱን ነው የምናየው። ከጓሮ ሲመለስማ እኔ ራሴ መስኮቱ አጠገብ አቁሜ የዓይኑን ቆብ ገልጬ አይቼለታለሁ፣ ደም ማነስ እንዳለበት ብዬ፤ በሬ ላይ የማደርገውን። ከዚያ ምክሩ ወረደ። አንዷ አምቦ ውሃ ይጠጣ አለች። አንዱ ኮሶ አሉ። ቡዳም ተነሥቷል። በማግስቱ ፍል ውሃ ይዘነው ሄድን።

እህቴ የዘንዶውን ነገር ከሰማች ወዲህ የመጀመሪያውን ሳምንት ስታማትብ ከረመች። ቀጥሎ እንዴት ያለ ቀለም እንዳለው ጠየቀች። አሁን በየቀኑ ትደውላለች፤ እንዴት አደርክ ሳትለኝ «በላ?» ነው የምትለኝ። አልበላም ስላት «ምስኪን፣ ብርዱ ነው» ትላለች። እርጎ ቢሞክርለትስ? ብቻውን ስለሚውል ይሆን? ባለፈው ደግሞ «ምናልባት አይጡ በዝቶበት ይሆናል፤ አነስ ያለ ይስጠው» አለች። ለልጁ ሳስተላልፍለት የሚያውቁት ሰዎችም ያንኑ እንደሚሉ ነገረኝና «ማን ነው የነገረህ?» አለ። አንድ የማውቃት ባለሙያ አልኩት።

የእኔ ጎተራ ግን ያው ነው። አይጡ ጤፉን ይበላል፣ ድመታችን ትተኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ጎተራው ሥር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ አንድ ቡናማ እባብ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ዱላዬን አነሣሁ። እንዳነሣሁ ሆዱን አየሁት፤ መሐሉ ላይ አይጥ የሚያህል እብጠት አለ። ሳይደነብር፣ ሳይቸኩል ወደ ካቡ ገባ። ዱላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ምን አገኘህ?» ትላለች።

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ነጠላዋንም አልፈለገች፣ ዓይኗንም አልገለጠች። «በላ?» ብቻ አለች።

አልበላም።